በበዛች ስም
መቅደላዊት እስክሪብቶዋን ከቅጹ በላይ ይዛ ቀረች። ለአባቷ ለአቶ ታደለ ወረቀት የምትሞላላቸው እሷ ናት፤ እሳቸው ከፊርማቸው በቀር ከፊደል ጋር ብዙም አይወዳጁም። ዘበኛ ሆነው የሚሠሩበት የመንገድ ሥራ ድርጅት ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ የጤና መድን ሊገባ ነው። ቅጹ የሚመለሰው ነገ ነው።

«ጥገኞች ይላል» አለች ታናሿ በዛች፣ በትከሻዋ በኩል ተንጠራርታ እያነበበች። «ባዮሎጂ ላይ እኮ ጥገኛ ማለት ወስፋት ነው።»

መቅደላዊት አልሳቀችም። ከታች በደቃቁ «ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች» ተብሎ ተጽፏል፤ የትምህርት ቤት ማስረጃም ይያያዝ ይላል። እሷ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል።

ነገሩ የአባቷ ሥራ ነው። በአምስት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግቧት ሲወስዷት፣ መምህሩ እንደ ወጉ ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሻግራ ግራ ጆሮዋን እንድትነካ አዘዛት። አልደረሰችም። አቶ ታደለ ግን ሰባት ሞልቷታል፣ የእናቷ ዘር እጀ አጭር ስለሆነ ነው ብለው ማሉ። መምህሩም ስቆ መዘገባት።

ዛሬ የሚያስቅ አልሆነም። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ካምና ወዲህ እያደገ ሄዶ ምግብ መዋጥ አስቸግሯታል፤ ክፍል ውስጥ በሙቀትም ቢሆን ሻርፗን አትፈታም። ሐኪሙ ደሴ ሄዳ ቀዶ ጥገና ታድርግ ብሏል። ያለ መድኑ የማይታሰብ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው።

አቶ ታደለ መላ አላጡም። በዛች ዐሥራ አራቷ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴን ብላ አታውቅም። በበዛች ስም የመቅደላዊት ፎቶ ይለጠፍና ትታከም። «አብሽሪ፣ ማን ያውቃል?» አሏት። መዝገቡን ማስተካከልም ይቻል ነበር፤ ግን አባት ራሱ ርእሰ መምህሩ ፊት ቀርቦ በሐሰት መማሉን ማመን አለበት። አቶ ታደለ ደግሞ የዕድር ዳኛ ናቸው። ባለፈው ወር እንኳ ኪዳነማርያም የሚባለውን ጎረቤት፣ አሞኛል ብሎ ከቀብር ቀርቶ ጠላ ቤት ቢገኝ፣ ውሸት ነውር ነው ብለው በሰው ፊት ቀጥተውታል።

«እንግዲህ እኔ ተቀደድኩ ማለት ነው» አለች በዛች አንገቷን እየዳበሰች። ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። «እኔ የታመምኩ ቀንስ፣ በማን ስም ልሄድ ነው?»

መቅደላዊት ጎንበስ ብላ የራሷን ስም ጻፈች፤ ከስሟ ጎን 2001 ዓ.ም. ብላ ሞላች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«የተወለድኩበትን ነው፣ አባባ።»

«መዝገቡ ሌላ ይላል እኮ። ይጥሉሻል።»

«ነገ ትምህርት ቤት ይምጡልኝ።»

«ካልመጣሁስ?»

መቅደላዊት ምራቋን ለመዋጥ ሁለት ጊዜ ሞከረች። «ሕመሙን እችለዋለሁ እንጂ በበዛች ስም አልታከምም።»

አቶ ታደለ ተነሱ፤ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ፤ እንደገና ተቀመጡ።

«የኪዳነማርያም ልጅ እዚያው አይደል የሚማረው?»

«እዚያው ነው።»

«ርእሰ መምህሩ ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል፤ ተማሪው ደግሞ በሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው በአንድ ሰዓት ተኩል ቢሯቸው ደጃፍ ላይ እንሁን» አሉ አቶ ታደለ። «ልጆቹ ሳይሰበሰቡ።»