በስሟ የተላኩ ማስታወሻዎች

«ስሙማ!» አሉ የቋንቋ መምህሩ፣ ከስልካቸው ላይ እያነበቡ። «"ሰው ዝም ቢል የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ የሚሰማው አጥቶ ነው።" ይህን የጻፈችው ከመካከላችሁ አንዷ ናት!» ሁሉም ጩጬ እያለ ወደሚጠራት ልጅ ሲጠቁሙ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ጩጬ አንገቷን ደፋች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ቀሽት ነሽ ባክሽ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አድርጋት። «መቼ ነው እንዲህ የበሰልሽው?»

«ተይኝ ባክሽ።»

«እኔ ገና አሥረኛው ማስታወሻ ላይ ነኝ» አሉ መምህሩ። «ማታ እጨርሰዋለሁ። ነገ ደግሞ ራስሽ ታነቢልናለሽ።»

የቤት ሥራው ለሚያነብ ሰው ቀላል ነበር። አንድ ልቦለድ ማንበብ፣ ደስ ያለውን ቦታ ማስመር፣ ከጎኑ ሐሳብን መጻፍና ለመምህሩ መላክ። ጩጬ ግን ወሩን ሙሉ ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ከች አለ። አክስቷ ያዋሰቻት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ውስጥ አንድ ልቦለድ ነበረ። አክስቷ ከልብስ ስፌት ስትመለስ አውቶቡስ ላይ እያነበበች አስምራበታለች፣ ጽፋበታለች። ጩጬ «ማስታወሻዎችን ላክ» የሚለውን ስትነካ ማንበቢያው አርባ ሦስቱንም ለቅሞ በአንድ ፋይል አወጣላት። ሁለቱን ብቻ አየት አደረገችና ከላይ ስሟን ጽፋ ላከችው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል መቼም ሰምታለች፤ ያን ቀን ግን ትዝም አላላት።

በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፋይሉን ከፈተች። ሠላሳ አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ይቺ ሴት ቁርጥ እኔን ናት። ልጅቷ እንዳትሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።»

ልጅቷ ማለት እሷ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ ናት።

የመጨረሻው ደግሞ፦ «መጽሐፉን ለእሷም ሰጠኋት። ስትጨርሰው ቁጭ ብለን እናወራለን። ያን ቀን ምንም አልደብቃትም።»

ጩጬ አፈረች። ሲጨበጨብላት ካፈረችው በላይ አፈረች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ እጅጌዋ ላይ የተጣበቀ ክር እየለቀመች ነበር።

«የት ደረስሽ የኔ ቆንጆ? ጨረስሽው?»

ወሩን ሙሉ «እየጨረስኩ ነው» ስትል ከርማለች። አሁንም አፏ ላይ መጥቶ ነበር።

«አልጀመርኩትም» አለች። «ያንቺን ማስታወሻ የራሴ ነው ብዬ ለመምህሬ ላኩት። አንዱ ክፍል ውስጥ ተነበበ።»

የአክስቷ እጅ ቆመ። «ሁሉንም ነው የላክሽው?»

«ሁሉንም። ሳላነበው።»

«አሁንስ?»

«አሁን አንብቤዋለሁ።»

አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቷ ብትጮህባት፣ ብትቆጣት ለጩጬ ይሻላት ነበር። ጩጬ ስልኳን አወጣችና መጻፍ ጀመረች። ጨርሳ ከመላኳ በፊት ለአክስቷ ሰጠቻት።

«መምህር፣ የላክሁልዎት ማስታወሻ የእኔ አይደለም፤ የአክስቴ ነው። ዜሮ ይስጡኝ። እባክዎ የቀረውን አያንብቡት።»

አክስቷ ደጋግማ አነበበችው።

«"የአክስቴ" የሚለውን አውጪው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «"የሌላ ሰው" በዪ።»

ጩጬ አስተካከለችና ላከችው።