የአርባዎቹ ዜሮ

ትርሲት ደም እያስቀመጣት፣ ማሽኑ ጤነኛ ናት አለ። ሃያኛ ጊዜው ነው።

ሃያኛው ደግሞ የመጨረሻው ነበር። በእንፋሎት ከተማ ሕግ አንድ ሰው ስለ አንድ ሕመም ሃያ ጊዜ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘበት ፋይሉ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሕመም የሚሰማው ሐኪም የለም። ለበሽታው ስም ያልተሰጠው ሰው መድኃኒትም አያገኝም። መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተተከለ ሣጥን ነው፤ የበሽታ ቁጥር ካላስገቡለት አይከፈትም፣ ቢለምኑትም አይሰማም።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ሕንፃ የበሽታ ስም ይዛ መውጣት ነበረባት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቷ ሰላም ሰጥቷት አያውቅም። ክብደቷ አርባ አንድ ኪሎ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አብጠው የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። ፀጉሯ ማበጠሪያውን ሞልቶ ይወጣል። አፏ ውስጥ አንዱ ቁስል ሲድን ሌላው ይፈነዳል።

የመጠበቂያው አዳራሽ ሰው ሞልቶበት ድምፅ አልነበረም። የዝምታ ሰዓት ነው። በእንፋሎት ከተማ ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማንም አይናገርም። ሁሉም ባለበት ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ያደርጋል። ልጆች ይህን ትምህርት ቤት ውስጥ መሥራቾቹ ያወረሱት ጨዋነት ነው እየተባሉ ይማሩታል። ትርሲት ከላይ፣ ከምድር ገጽ፣ የመጣች ስለሆነች በመጀመሪያው ሳምንት አይታ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ምሳ የጋበዛት ሰው የለም።

ከተማዋ ከጨው ሜዳው በታች መቶ ሜትር ላይ ናት። መብራቷም ሙቀቷም የሚጠጣው ውሃዋም ከድንጋዩ ሥር ከሚወጣው እንፋሎት ነው። የትርሲት ሥራ የዚያን እንፋሎት ቧንቧዎች መለኪያ መፈተሽ ነበር፤ ዛሬም የሥራ ቦርሳዋን እንደያዘች ነው የመጣችው።

«ልዩነት የለም፤» አለ ዶክተር ወሰንየለህ፣ በሩ በተዘጋው የምርመራ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ወደ እሷ እያዞረ። «አረንጓዴ ነው። አየሽ?»

«ሽንት ቤታችሁን ሄደው ይዩት። እሱ ቀይ ነው።»

ማሽኑ ከዶክተሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል፤ የአንድ ሰው ቁመት ያለው ነጭ ሣጥን ነው፤ ስሙ ሚዛን ነው። የሚመረመረው ሰው ምስር የምታክል መሣሪያ ይውጣል፤ ቃኚ ይሏታል። ቃኚዋ አንጀት ውስጥ ዞራ ያየችውን ሁሉ ለሚዛን ትልካለች። ሚዛን የተላከለትን ከመነሻ አካል ጋር ያወዳድራል። መነሻ አካል ማለት የከተማዋ የመጀመሪያ አርባ ነዋሪዎች ሰውነት አንድ ላይ ተደምሮ የወጣው አማካይ ነው። ከእነሱ የተለየ ታሟል፤ እነሱን የመሰለ ጤነኛ ነው።

«ትርሲት፣ ልጄ...»

«ልጅዎ አይደለሁም።»

«ጭንቀት ነው ብዬሻለሁ። ብቻሽን ነው የምትኖሪው። ቤተሰብ የለሽ፣ ባል የለሽ። ሆድ እኮ ያዝናል።»

«ሆዴ አላዘነም። ደም ነው የሚያስቀምጠኝ።»

«ማሽኑ ግን...»

«የማሽኑን ነገር ይተዉት። ዜሮውን ነው የምፈልገው።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ሙሉ ነው፤ ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። «የምን ዜሮ?»

«ባለፈው ወር ሦስተኛው መስመር ላይ ያለ ጌጅ፣ የግፊት መለኪያው፣ ዜሮ ያሳይ ነበር። ቧንቧው ግን ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም። ለምን መሰለዎት? የተከለው ሰው እንፋሎቱን ሳያስወጣ ነው ዜሮ ላይ ያደረገው። ጌጅ ሲተከል ቧንቧው ባዶ መሆን አለበት። ግፊት እያለበት ዜሮ ነው ከተባለ፣ ዕድሜ ልኩን ያንን ግፊት ዜሮ ይለዋል። አይዋሽም። የተነገረውን ነው የሚደግመው።» ወደ ነጩ ሣጥን በአገጯ አመለከተች። «ይሄ ሲተከል ቧንቧው ባዶ ነበር ወይ?»

«የሰው ልጅ ቧንቧ አይደለም።»

«እኔ ሆኛለሁ።»

ፈቃድ ሳትጠይቅ ከኪሷ ትንሽ ካርድ አውጥታ ስክሪኑ ጎን ላይ ሰካችው። ያንን ቪዲዮ ከመዝገብ ቤት ለማውጣት ሦስት ሳምንትና አራት ጭቅጭቅ ፈጅቶባታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያለፈው ምስል ነው። አርባ ሰዎች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ፀጉራቸው በጨው ብናኝ እንደነጣ፣ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። መዝጋቢው፣ «ሕመም ያለበት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። የቆፋሪዎቹ አለቃ ጋሽ ዘርጋው ናቸው።

«ሁላችንም ደህና ነን፤ ይመስገን፤» አሉ።

ከኋላቸው ሠላሳ ዘጠኝ ራስ ተነቀነቀ። መዝጋቢው አርባ ጊዜ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ ምን አለው?» አለ ዶክተሩ።

«ዝም ብለው ይዩ።» ቪዲዮውን አፈጠነችው። «ጥግ ላይ ያለው በር የሽንት ቤት ነው። ምርመራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አርባ ሰው ሰባ አንድ ጊዜ ገብቶበታል። ቆጥሬዋለሁ። ይቺን ሴትዮ ይዩ፤ ጣቶቿን እያሸች ነው፣ እንደኔ። ይሄኛው ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚሄደው፤ ሦስተኛ ጊዜው...»

ቪዲዮውን አቆመችው። ግድግዳ የተደገፈው ወጣት ከሲታ ነው፤ ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። ወጣቱን አየች፤ ዶክተሩን አየች።

«አራተኛ፤» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። «አንዱ ካሜራው ሳይበራ ነው።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ጋሽ ዘርጋው ደህና ነን ካሉ በኋላ?» ሳቀ። «ሰውዬው ሁለት ልጆቻቸውን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረዋል። እሳቸው ቆመው ይመስገን ሲሉ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ተነሥቼ ሆዴን ቆረጠኝ ልበል? አንቺ ብትሆኚ ትይ ነበር፤ ከላይ ነሻ!»

«እል ነበር።»

«ለዚህ ነው ማንም የማይወድሽ።»

«ልወደድ አልመጣሁም። ምንድን ነው በሽታው? ውሃው ነው?»

ዶክተሩ በሩን አየ፤ ተዘግቷል። «ውሃው ነው። እንፋሎቱ ከድንጋዩ ይዞት የሚወጣ ነገር አለ፤ ማጣሪያው አይይዘውም። የሰውነት መከላከያ ያንን አባርራለሁ ሲል የገዛ አንጀቱን ይበላል፤ ሲብስበት መገጣጠሚያም፣ ቆዳም ይጨምራል። አንዳንዱ ላይ ይከፋል፣ አንዳንዱ ላይ ይለዝባል። ነገር ግን ያልነካው ሰው የለም።»

ትርሲት ሥራ ቦታ ጎኗ የምትቀመጠውን እስከዳርን አሰበች። እስከዳር ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። አንድ ቀን ሆዴን አመመኝ ስትላት፣ እስከዳር የምሯን ግራ ተጋብታ፣ «ሆድ አይደል እንዴ? ታዲያ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው?» ብላት ነበር። አዳራሹ ውስጥ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን የጨፈኑትንም ሰዎች አሰበች። ጨዋነት አይደለም። ቁርጠት ነው። ያላመመው ቀን ኖሮት የማያውቅ ሰው ዛሬ አመመኝ ብሎ ከምን ይለየዋል? እሷ የጮኸችው ስለበረታባት ብቻ አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳያማት ስለኖረች ነው።

«እያወቁ ነው ዝም ያሉት፤» አለች።

«ዜሮውን ባነሣው ነገ ጠዋት አሥራ አንድ ሺህ በሽተኛ ይነሣል። ያለው መድኃኒት ለሦስት መቶ ሰው ቢበቃ ነው። ሰዉ ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ይጨፍራል፤ ደህና ነኝ ይላል። ምን ብዬ ልንገረው?»

«ታመሃል ይበሉት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማጣሪያ ይሠራል። ማንም ካልታመመ ማን ማጣሪያ ያዛል?»

ዶክተሩ መሳቢያውን ከፍቶ ጠንካራ ወረቀት አወጣ፤ ጻፈበት፤ ማኅተም መታበት፤ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው።

«ይሄ ያንቺ ነው። በሽታሽም ቁጥሩም አለበት። ሣጥኑ ዛሬውኑ ይከፈትልሻል፤ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ሰው ትበያለሽ። ቪዲዮውን ብቻ እዚህ ተይልኝ።»

አነሣችው። «ራስ አጥቂ የአንጀት ብግነት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስም ነበረው። ስድስት ዓመት አላበደችም፣ አልተጨነቀችም፣ ባል ፍለጋ አልታመመችም። ወረቀቱን ከእጇ የሚቀማት ቢመጣ ትነክሰው ነበር።

ከዚያ ጥጉ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር አየች።

«ስድስት ምንድን ነው?»

«የተራ ቁጥር ነው።»

«አምስት ሰው ሰጥተዋል?»

«እንዳንቺ የጮኹ ናቸው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምን ያስጮሃቸዋል? ድነዋል።»

«አንደኛው ማነው?»

ዶክተሩ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ትርሲት እጆቹን አየች። በዝምታ ሰዓት ከተማው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እነዚህ እጆች ግን ገና ከመጀመሪያው ጠረጴዛው ላይ እንደልባቸው ነበሩ።

«አንተ ነህ፤» አለች።

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ዶክተሩን ከክሱ ይልቅ አንተ መባሉ ያመመው መሰለ።

«ከዳንክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ሃያ ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሆድ ያዝናል ስትለኝ፣ አንተ ድነህ ነበር?»

«ሐኪሙ ከታመመ ማን ያክማል?»

«ማንን አክመህ ታውቃለህ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ቦርሳዋን ከፍታ ቀይ መለያና ቀጭን ሽቦ አወጣች። እንዲህ ዓይነቱን መለያ የልኬት ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ይይዛል። ዜሮው የተሳሳተ መሣሪያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ማኅተሙ ሲጨፈለቅ መሣሪያው በራሱ ይጠፋል፤ ዜሮው እስኪስተካከል ድረስ ከንቲባውም ቢሆን አይነካውም። ደንቡ ጌጅ አይልም፣ ቧንቧ አይልም፤ «ማንኛውም መለኪያ» ነው የሚለው። ሽቦውን በሚዛን እጀታ አሳልፋ ጠመዘዘችው። ያበጡት ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ሁለት ጊዜ አመለጣት። በሦስተኛው የሽቦውን ማኅተም ጨፈለቀችው።

አረንጓዴው መብራት ጠፋ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ «ሚዛን አገልግሎት አቋርጧል» አለ። ወንበሮች ሲንጫጩ ተሰማ።

«አብደሻል!» ዶክተሩ ተነሣ። «የመድኃኒት ሣጥኑ እኮ ከዚህ ጋር ነው የተያያዘው! ቁጥርሽ አይሠራም። ያንቺም ተዘጋ፣ የኔም...»

«አውቃለሁ።»

ደግነት አልነበረም። ስለ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ብላ አይደለም፤ አብዛኞቹን አትወዳቸውም። በጣም ተናድዳ ነበር፤ ስድስተኛ መሆን ደግሞ አልተዋጠላትም። ሆዷን ቁርጠት ያዛት። የሚዛንን ጠርዝ ይዛ ጎንበስ አለች፤ ሠላሳ ድረስ ቆጠረች፤ ቀና አለች። ዶክተሩ ቆሞ ያያታል፤ ዘጠኝ ዓመት የረሳውን ነገር እያስታወሰ ይመስላል።

«ዜሮውን ለማስተካከል የማያመው ሰው ያስፈልጋል፤» አለ። «አርባ ሰው! በዚህ ከተማ ውስጥ ከየት ታመጫለሽ?»

«አምስት አሉህ። ቶሎ በል፣ መድኃኒቱ ከሰውነትህ ሳይወጣ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ውጣና ከራስህ ጀምር፤ ምን ሆነህ እንደነበር፣ በምን እንደዳንክ ንገራቸው።»

«ይጠሉኛል።»

«ይለመዳል።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። ወረቀቱ፣ ስሟም የበሽታዋም ስም ተጽፎበት፣ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ወጣችና በሩን ዘጋችበት።