ከኔ በፊት ያረፈችው

ይህ በእውነት የደረሰብኝ ነገር ነው። የማያምነኝ ቢኖር አልቀየመውም።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ... እኛ አውራጃ ቶቶሪ፣ ከባሕሩ ዳር ካለው ገደል ላይ።

ስሜ ፉሚኤ ነው። በሃንግ ግላይደር መብረር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ከሸራው ክንፍ ስር በደረቴ ተዘርግቼ እንጠለጠላለሁ፤ የባሕሩ ነፋስ ገደሉን ሲመታ ይዞኝ ወደ ላይ ይነሳል።

ያን ቀን ግን ለመዝናናት አልነበረም የሄድኩት።

ልጃችን ናትሱኖ በጸደይ ሞታብን ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ስትሸኝም፣ ቤት ከገባንም በኋላ... ምንም።

ባሌ ኢዋኦ ዓይን ዓይኔን እያየ ወራት ጠበቀ። በመጨረሻ እስኪ ሄደሽ ብረሪ፣ ምናልባት ይወጣልሽ ይሆናል አለኝ።

መብረር ያስተማሩኝ ጋሽ ሙራሴ በመኪናቸው ወሰዱኝ። አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ለኔ ሰጥተው፣ ሌላውን ይዘው ታች አሸዋው ላይ ቆሙ። ነፋሱ ሲደክም ቶሎ እንድወርድ ደጋግመው ነገሩኝ።

ተነሳሁ።

ባሕሩ ቀላ። ከዚያ ጠቆረ። አየሁት እንጂ ምንም አልተሰማኝም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። ሸራው መርገብገቡን ትቷል። ፊቴን የሚነካኝ ነፋስ የለም።

ነፋስ ከሌለ መውረድ ነበረብኝ...

አልወረድኩም።

መሪውን ብረት ወደ ደረቴ ሳብኩት። ክንፉ አፍንጫውን ደፋ። ከፍታዬ ግን ያው ነው።

ያን ጊዜ ሬዲዮዬ ተንሿሿ፤ የጋሽ ሙራሴ ድምፅ ነው።

"ጎሽ የኔ ልጅ... እንደ ላባ ነው ያረፍሽው።"

ወደ ታች አየሁ።

አሸዋው ላይ ቢጫ ክንፍ አርፏል። የኔም ክንፍ ቢጫ ነው። አጠገቡ አንዲት ሴት የራስ ቁሯን ታወልቃለች።

"ጋሽ ሙራሴ... እኔ ገና አየር ላይ ነኝ።"

የሬዲዮዬን ቁልፍ እንደገና ተጫንኩ።

"ቀና ብለው ይዩኝ።"

ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

"ተያት" አሉኝ። "እያለቀሰች ነው።"

ሴትዮዋ ተንበርክካለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልቅሶዋ እኔ ድረስ መጣ። የልጄን ስም እየጠራች ነበር... በኔ ድምፅ።

ዓይኔን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ጋሽ ሙራሴ ደግፈው አነሷት። ክንፉን አጣጥፈው መኪናው ላይ ጫኑ፤ እሷንም ይዘዋት ሄዱ። የመኪናው መብራት ከመታጠፊያው ሲሰወር ነው የኔ ክንፍ መውረድ የጀመረው። ቀስ ብሎ... እኔ ሳልነካው።

ክንፉን እዚያው ትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ፈርቼ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልፈራሁም።

አንኳኳሁ።

ኢዋኦ በሩን ገርበብ አደረገው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል፤ ፊቱ ግን ከስንት ወር በኋላ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነው። ሲያየኝ አልደነገጠም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ቀስ..." አለ በሹክሹክታ። "ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት።"

"ኢዋኦ... እኔ እኮ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

ከውስጥ፣ ከመኝታ ቤታችን፣ የኔ ሳል ተሰማ።

ኢዋኦ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ... የጠፋ ዕቃውን መልሶ ላመጣለት ሰው እንደሚያደርገው።

ከዚያ በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው። የመግቢያው መብራትም ጠፋ።