የታችኛው ሰፈር ጉድጓዶች

አሮጌው ገዥ በተሾሙ በዘጠነኛው ዓመት፥ ዝናቡ ካባራ ሦስት ወር ሲሆነው፥ በኮረብታው አናት ላይ የተሠራው ታላቁ የውኃ ማጠራቀሚያ በየቀኑ ሁለት ሁለት ጣት ይጎድል ነበር፤ የላይኛው ከተማ ሰው፥ መኳንንቱም ወታደሩም፥ የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ግን ከአባቶቹ የወረሳቸው ሰባት ጉድጓዶች ስለ ነበሩት ከላይ አይቀዳም፤ እንዲቀዳም ሕጉ አይፈቅድለትም።

የውኃ ሹሙ ቁመቱ ረዥም፥ ንግግሩ አጭር፥ በሥራው ግን ችክ የሚል ሰው ነበር። ጠዋትና ማታ፥ በየጣቱ ምልክት የተቀረጸበትን ዘንግ ወደ ውኃው እየሰደደ ይለካል። «ፀሐይ ናት የምትጠጣው» ቢሉትም አልተዋጠለትም፤ ስለዚህ ሰፊ ገበቴ ሞልቶ ከማጠራቀሚያው አጠገብ አኖረ። ከገበቴው ማንም ሳይነካው በቀን የጎደለው ግማሽ ጣት ብቻ ሆነ፤ ቀጂዎች የሚወስዱት ደግሞ አንድ ጣት እንደሆነ ያውቃል።

«እንግዲህ የቀረውን ግማሽ ጣት የሚሰርቀን መሬት ነው» አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ዕረፍት አጣ።

በበጋው መጨረሻ፥ ውኃው ከቁርጭምጭሚት በታች ሲሆን፥ ወርዶ ወለሉን በእጁ ዳሰሰ፤ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ፥ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ። ኖራ ከተፈጨ ጡብ ጋር አስለውሶ ሦስት ጊዜ አስለሰነው። ክረምቱ ገብቶ ማጠራቀሚያው ሞላ፤ በቀጣዩ በጋም ያ ግማሽ ጣት አልጎደለም። ገዥው በአደባባይ ካባ አለበሱት። በታችኛው ሰፈር ለጨርቅ ቀላሚ የተዳረችው ሴት ልጁ ከሕዝቡ መካከል ቆማ በደስታ አለቀሰች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እርሱ ነው፤ ያለ እርሷም ሰው የለውም።

በሁለተኛው በጋ ልጁ ባዶ እንስራ አዝላ መጣች።

«አባዬ፥ ጉድጓዳችን አሸዋ ነው የሚያወጣው። የባሌ መንከሪያ ጋኖች ደርቀው ተሰነጣጠቁ።»

«አስቆፍሩት እንጂ፤ ትንሽ ገባ ቢባል ይገኛል።»

«አስቆፈርን እኮ። ሰባቱም እንደዚያው ናቸው።»

ሹሙ ሽማግሌውን ጉድጓድ ቆፋሪ አስጠራ፤ ይህ ሽማግሌ «ከሰው ሁሉ ቀድሜ አፈር የገባሁ እኔ ነኝ» እያለ የሚያስቅ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ጌታው፥ ድሮ ስቆፍር ውኃው የሚመጣልኝ በኮረብታው በኩል ካለው ግድግዳ ነው፤ ክረምት ከበጋ ያነባል። አምና እያነሰ መጣ፤ ዘንድሮ ጭራሽ ደረቀ። ላይ ቤት የነካካችሁት ነገር አለ?»

ሹሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠፋ ያለው ግማሽ ጣት አልጠፋም ነበር፤ በአለቱ ስንጥቅና በአሸዋው መካከል ቀስ እያለ ወርዶ፥ ከመሬት ሆድ ተጠራቅሞ፥ ሰባቱን ጉድጓዶች ሲያጠጣ የኖረው እርሱ ነው። ሌባ ብሎ የጠራው መሬት የሰው አደራ ሲያደርስ ኖሯል።

በማግሥቱ ከገዥው ፊት ወደቀ።

«ጌታዬ ሆይ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው። የማጠራቀሚያው የጎን መዝጊያ ተከፍቶ ውኃው ወደ ታች ይውረድ፤ ሲጎድልም ልስኑን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ።»

ገዥው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት የጠላት ጦር ወንዙን መሻገሩ ተሰምቶ ነበር።

«ከተማው ቢከበብ ወታደሬን ምን ላጠጣው? አንተው ያዳንኸውን ውኃ አንተው ድፉት ትለኛለህ? ክረምቱ ይግባና እናየዋለን።»

ጠላት ከመንገድ ተመለሰ፤ ዝናቡም ቀረ። መዝጊያው ግን ዘበኛ እንደ ቆመበት ተዘግቶ ከረመ።

ሹሙ ለራሱ የተፈቀደለትን አንድ እንስራ በየቀኑ ተሸክሞ ወደ ልጁ ቤት ይወርድ ጀመር፤ ሹም እንስራ ሲሸከም ያዩ ሁሉ ሳቁበት። እርሷም ውኃውን ለጎረቤት ሕፃናት በኩባያ እያደለች፥ ራሷ ከሰፈሩ ግርጌ ካቆረው አረንጓዴ ውኃ ትጠጣ ኖሯል። ሲደርስባት ተቆጣ።

«ላንቺ ነው እኮ የማመጣው፥ ልጄ።»

«አውቃለሁ አባዬ። ግን ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እያየኝ እንዴት ብሎ ይወርድልኛል?»

በሳምንቱ ሆዷን አመማት፤ አራት ቀን ተሰቃይታ ሞተች። የጎረቤት ሴቶች አስከሬኗን ያጠቡት አባቷ በዚያን ጠዋት ባመጣው ውኃ ነው። ከቀብር ሲመለስ መዝጊያውን ሊሰብር መዶሻ ይዞ ወጣ፤ ዘበኞቹ ያዙት።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፈው ጸሐፊ፥ ገዥው የማጠራቀሚያውን ወለል አሳድሰው አንዲት ጠብታ እንዳትባክን እንዳደረጉ በሰፊው ተርኳል፤ የታችኛው ሰፈር ሰዎች በፈቃዳቸው ወደ ሌላ አገር እንደ ተሰደዱም በአንድ መስመር አስፍሯል። ዝቅ ብሎም «የውኃ ሹሙ አእምሮው ስለ ታወከ ከሹመቱ ተሻረ» ይላል። ልጅ እንደ ነበረችው ግን የጻፈ የለም።