ሃያ ዩኒት ውጊያት

ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ።

የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ የስኳር ሐኪም የለም። ከተማ ያለው ዶክተር በሳምንት አንድ ቀን በታብሌት ይገናኘንና በሽተኞቹን ያያል። እኔ የደማቸውን ስኳር እለካለሁ፣ የእግራቸውን ቁስል በካሜራ አሳያለሁ፣ እሱ መድኃኒቱን ያዛል። ይህ ነገር ከመጣ ወዲህ እግሩ የተቆረጠ ሰው የለንም።

ክፍሉ ድሮ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። የብረት በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር... በቃ።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ ስላልነበረ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የቀሩት እማማ ጨዋታ ብቻ ናቸው፤ ከሩቅ ስለመጡ። ስማቸው አይደለም። ቀልድ ስለማያልቅባቸው ነው ሰው እንዲህ የሚላቸው። ስኳሩ ዓይናቸውን አፍዝዞታል። ጆሯቸውን ግን ሐሜት አያመልጠውም።

«ዶክተርሽ ዛሬም ጣፋጭ ሊከለክለኝ ነው?» አሉኝ። «የቀረኝ ጣፋጭ እኮ ምላሴ ነው።»

እየሳቅኩ በሩን ዘጋሁ። እስቲ አንዴ ልሞክር ብዬ ታብሌቱን ከፈትኩ።

ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ገና ሳልደውል።

ሁልጊዜ «እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያን ቀን ሰላምታ የለም።

«ለኪያት» አለ።

እማማን አንቱ እንጂ አንቺ ብሎ አያውቅም። አፉም ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ኔትወርኩ ነው ምስሉን የያዘው ብዬ አለፍኩት...

ጣታቸውን ስይዝ በረዶ ሆኗል። ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። ለካሁ።

አርባ አንድ።

ከሰባ በታች አደጋ ነው፤ ይህ ሰው የሚጥል ቁጥር ነው። «እማማ፣ በልተዋል?»

«ምርመራ አለብኝ ብዬ... መርፌዬን ተወግቼ... ባዶ ሆዴን መጣሁ።» ንግግራቸው መጎተት ጀምሯል።

«ዶክተር፣ ስኳሩ ወርዷል። ጣፋጭ ልሰጣቸው ነው።»



ከዚያ... «ኢንሱሊን። ሃያ ዩኒት ውጊያት።»

«ወርዷል እኮ ነው የምልህ! አሁን ኢንሱሊን ከጨመርኩ ይሞታሉ።»

«ሃያ ዩኒት ውጊያት።»

ያው ለስላሳ ድምፁ ነው። አልተቆጣም።

ለምሳዬ የገዛሁት ለስላሳ መጠጥ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቦርሳው ከጠረጴዛው ሥር ነው፣ ካሜራው በማያየው በኩል። እጄን ቀስ ብዬ ሰደድኩ።

«ቦርሳውን ተዪው።»

ተነሳሁ። ሰው ልጥራ ብዬ በሩን ሳብኩ።

አልተከፈተም።

መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው። አልቀረቀርኩትም። በሁለት እጄ ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። ዘበኛውን ጮኼ ተጣራሁ። ድምፄ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሰምጦ ቀረ...

«ነይ ተቀመጪ» አለኝ።

እማማ ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ተንጋደዋል። ሮጬ ደገፍኳቸው።

«ልጄ...» በሹክሹክታ ነው። «ማነው የሚያወራው?»

«ዶክተሩ ነው፣ እማማ።»

«ድምፁ እኮ... ከዚህ ዕቃ አይደለም የሚመጣው።»

ስኳር ሲወርድ ሰው ይቃዣል። እሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን እጄ ሄዶ የታብሌቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነሰው።

«ውጊያት።»

አልቀነሰም።

ጠረጴዛው ላይ ባለው የመድኃኒት ትሪ ዓይኔ አረፈ። ያልነካሁት መርፌ... እስከ ሃያ ድረስ ተሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። ታብሌቱን በፊቱ ደፋሁት። የለስላሳውን ጠርሙስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈትኩና የእማማን ራስ በክንዴ ያዝኩ። «ይዋጡልኝ። ትንሽ ትንሽ... እንደሱ... አንዴ ደግሞ።»

ድምፁ ጠፋ። ዞር ብዬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ እማማን አቅፌ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። መልሼ ለካሁ።

ሰባ ስምንት።

በዚያው ቅጽበት ዘበኛው በሩን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ሲስተር፣ ምሳ አይወጣም እንዴ?»

«ማነው የቆለፈብን?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ምን መቆለፍ? በሩ ገርበብ እንዳለ ነው የቆየው። እኔ እዚሁ ነበርኩ።»

«ስጣራ አልሰማህም?»

«ማንም አልተጣራም፣ ሲስተር።»

አሥር ሰዓት ላይ ዶክተሩ ደወለ። «ይቅርታ፣ ዛሬ ኔትወርኩ ጭራሽ እምቢ አለ። አንድም በሽተኛ ሳላይ ዋልኩ። እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ታብሌቱ ምርመራውን ሁሉ ራሱ ይቀዳል። በማግስቱ ከፈትኩት። የስድስት ሰዓቱ አለ። ሃያ ሦስት ደቂቃ።

የእኛን ፊት ነበር ማሳየት ያለበት። የሚያሳየው ግን ጀርባችንን ነው። ከበሩ በኩል... ሰው ቆሞ በሚያይበት ቁመት።

ከዚያ ከወንበሬ እነሳለሁ። ዞሬ ወደ ካሜራው እመጣለሁ። ፊቴ ይቀርባል... ይቀርባል... ዓይኔ ምንም ሳያይ ያልፋል። የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ይዤ እስባለሁ።

ከምስሉ ግርጌ ሌላ እጅ ይወጣል።

ቀስ ብሎ እጆቼ ላይ ያርፋል።