የሃስክት ኳስ

አቶ ልዑልሰገድ እሑድ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው፣ አልጋ ላይ ሞተው ሲገኙ ግንባራቸው ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር። ሰው ሁሉ እብጠቱን አየ። የአስከሬን መርማሪዋ ሂክማ ግን ክንዳቸውን አየች፤ እዚህም እዚያም በልዟል።

ከቤዝመንቱ ተከራይ ከጊዲዮን ጀመረች። የጥገኝነት ኬዙ ሊታይ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በሰው ሞት ከተጠረጠረ አለቀለት።

«ማን መታቸው?»

«እኔ» አለ። «ግን በጨዋታ! ጋሼ ስለ ሃስክት መጽሐፍ ይጽፉ ነበር።»

«ሃስክት ማነው?»

«ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ የእንግሊዝ ክሪኬት ተጫዋች ነው፤ ጠንካራ ኳስ ተወርውሮ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ። የሚያውቀው የለም፤ ጋሼ ግን የጥንት መዝገብ ሲያገላብጡ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ትናንት ከሰዓት ‹ያኔ የራስ መከላከያ አልነበረም› ብለው ባዶ ራሳቸውን ቆሙ። ኳሱን በቀስታ ወረወርኩ፤ ነጥሮ ግንባራቸውን አገኘው። ሳቁ እኮ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ስሂን ደረታቸውን ይደቃሉ። «ገዳይ ቤቴ አስቀምጬ!»

«ሕመም ነበረባቸው?»

«ኧረ ምንም!»

ወይ ለመልስ መቸኮል! አሜሪካ የተወለደችው ልጃቸው ሂዊም «ዳዲ ዋዝ ፋይን፣ ደህና ነበር» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሂክማ ራስጌ የነበረውን የቫይታሚን ብልቃጥ ከፍታ ክኒኖቹን እያገላበጠች የተቀረጸባቸውን ምልክት አየች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ይሄ ቫይታሚን አይደለም፤ የደም ማቅጠኛ ነው። ክንዳቸው የበለዘው ለዚህ ነው። ይህን የሚወስድ ሰው ራሱን ከተመታ፣ ቀላልም ቢሆን፣ ደም ወደ ውስጥ ይፈስበታል፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። እሳቸው የጥንት እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ቢያዩት ይገባቸው ነበር። እንዳያዩት ብልቃጡ ተቀየረ። ጊዲዮን መኝታ ቤታቸው አይገባም። ወይዘሮ ስሂን እንግሊዝኛ አያነቡም፤ መድኃኒቱን ከሐኪም የተቀበለው ሌላ ሰው ነው። ሂዊ፣ አንቺ ነሽ።»

ሂዊ ተንሰቀሰቀች። «ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባ ጊዜ ዶክተሩ ‹ልቡ ውስጥ ደም ረግቷል› አለኝ። ማሚ ‹አትንገሪው፣ ይደነግጣል፣ መጽሐፉን ይጨርስ› አለችኝ። ለአንድ ወር ብቻ ነበር!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለች ሂክማ። «እናንተ መድኃኒቱንም ደበቃችሁ።» ወዲያው ቆጫት።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ብያቸው ነበር» አለ ጊዲዮን። «‹እኔ ምን አለብኝ!› አሉኝ።»

ወይዘሮ ስሂን ልጃቸውን ጭምቅ አድርገው ያዙ። «ልትወስጂያት ነው?»

«የለም። አደጋ ተብሎ ይጻፋል፤ ጊዲዮንም ሂዊም አይከሰሱም።»

ማንም እፎይ አላለም።

«ብታስሪን ይሻለን ነበር፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ስሂን።