ካላበበው ዛፍ ሥር

የደን ዘበኛው ደጉ፣ ማንኪራ በሚባለው ጫካ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የተሰበረ የንብ ቀፎ ወድቋል። ከቦንጋ የተጠራው መርማሪ፣ ሃምሳ አለቃ ገብረኪዳን፣ አስከሬኑን ሲገለብጥ ምንም አልተሰማውም። በዚያ ሰሞን አስከሬን ማየት ለምዶ ነበር። የተሰማው የጉልበቱ ሕመም ብቻ ነው፤ እሱንም ጡረታ ውጣ እንዳይሉት ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ጫካው የመንግሥት ነው ከተባለ ወዲህ ንብ አናቢው ሁሉ ውጣ ተብሏል። ዛፉ ደግሞ የሽማግሌው ንብ አናቢ የአቶ ቢሻው አያት ሳይቀሩ ቀፎ የሰቀሉበት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ገዳዩ እሳቸው ናቸው ብሎ ሽማግሌውን በገመድ አስሮ አስቀምጧል። ነገ ወደ ቦንጋ ይወሰዳሉ፤ «ፀረ አብዮት» ተብሎ የተወሰደ ሰው ደግሞ መቼ ይመለሳል ተብሎ አይጠየቅም።

ሟቹን ያገኘው የደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ጓድ ግዛቸው ነው። የተወለወለ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ መርጦ ቆሟል።

«ሽማግሌው ቀፎውን ከላይ ለቀቀበት። ስደርስ ንቡ ገና አልበረደም ነበር።»

«እርስዎንም ነደፈዎት?»

«ሁለት ሦስቴ። ሸሽቼ ነው የተረፍኩት።»

ገብረኪዳን ቀስ እያለ ጻፈ። አጻጻፉን ያየ ሁሉ ሞኝ ይመስለዋል፤ እሱም አያርማቸውም።

አቶ ቢሻው ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ዛፉ አላበበም።» ጠባቂዎቹ ጃጅተዋል ብለው ሳቁባቸው።

የሟቹ ሚስት ዓባይነሽ አላለቀሰችም። ጎደሬ እየላጠች፣ ባሏ ሽማግሌውን አይቶ እንዳላየ ያሳልፋቸው እንደነበር ነገረችው። ቀፎ የሚሰቅል ሰው ዛፉን አይጥልም ይል ነበር።

«ታዲያ ማንን ነው አላሳልፍም ያለው?»

«መጋዝ የሚያስገቡትን። ሰኞ ቦንጋ ሄጄ እናገራለሁ እንዳለ ነው የቀረው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በማኅበሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ገብረኪዳን ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ጓድ ግዛቸው፣ እስቲ ያሽትቱት። ሰም አለው?»

ገብረኪዳን ራሱ አሸተተው።

«የለውም። ንብ ያልገባበት አዲስ ቀፎ ነው። እዚህ አገር ዛፉ ካላበበ ቀፎ አይሰቀልም፤ ታጥኖ ከሥሩ በቅጠል ተሸፍኖ ይቆያል። መንደርተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጠየቀው ግን የለም። የማያውቅ ሰው ነው መሬት ላይ አግኝቶት ከላይ የወደቀ ለማስመሰል የሰባበረው። ደጉ አናት ላይ ያለው ቁስል ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ የመጥረቢያ ጀርባ እንጂ ቀፎ እንደዚያ አይመታም። ፊቱ ላይም አንድ ንብ አላረፈችም። እርስዎን የነደፈዎት ንብ ከየት መጣ?»

ከዛፉ ስድሳ እርምጃ ርቆ አራት አዲስ ጉቶ ማየቱን፣ ግንዱ የወጣበት ፈቃድም የግዛቸው ፊርማ እንዳለበት ጨምሮ ነገራቸው።

ግዛቸው አልካደም። «ከላይ ኮታ ነበረብኝ» አለ። «እሱን ተናገር ብሎ ማን ላከው?»

ገመዱ ከአቶ ቢሻው እጅ ተፈትቶ በግዛቸው እጅ ላይ ታሰረ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሌላ ዘበኛ እስኪላክ ጫካው ለማንም ዝግ መሆኑን አስታወቀ፤ ቀፎ የሚሰቅልም ይታሰራል አለ። ሰዉ ወጥቶ አለቀ። አቶ ቢሻው ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ይሂዱ እንጂ ጋሼ» አላቸው ገብረኪዳን። «ነፃ ነዎት።»

«እሺ ጌታዬ» አሉት። «ወዴት?»